ቡድን የሚጸናው በመስመሮቹ ነው

የተከበራችሁ መምህራንና የውድድሩ አዘጋጆች፣ ከአራዳም ከማራኪም ከአዘዞም የመጣችሁ ውድ ተጫዋቾች፦

ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የማስተምረው የኅብረተሰብ ሳይንስ ነው፤ የማነሣው ጉዳይ ግን እዚህ ጎንደር በየፕሌይስቴሽን ቤቱ፣ በፊፋ የቪዲዮ ጨዋታ የተጫዋቾችን ካርድ እየሰበሰባችሁ የምትደክሙበት የቡድን ግንባታ ነው። በካርዱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ በካርዶቹ መካከል ያለው ግንኙነት እንደሚቀድም ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

የማኅበራዊ መረብ ንድፈ ሐሳብ ሰውን በነጥብ፣ ግንኙነቱን በመስመር ይወክላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፊፋ ጨዋታ ውስጥ የተጀመረው አልቲሜት ቲም፣ ማለትም በካርዶች የራስን ቡድን የመገንቢያው ክፍል፣ ይህንኑ ሥዕል በእጃችን አስገብቶልናል። እስከ ፊፋ 22 ድረስ ጎን ለጎን የተሰለፉ ካርዶች በመስመር ይያያዙ ነበር፤ ሀገር፣ ሊግ ወይም ክለብ የሚጋሩ ከሆነ መስመሩ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ምንም የማይጋሩ ከሆነ ቀይ ይሆን ነበር።

በዚያ ዘመን የሪያል ማድሪዶቹን ሞድሪችንና ክሮስን ከሊቨርፑሎቹ ከቫን ዳይክና ከአሌክሳንደር-አርኖልድ ጋር ማሰለፍ የፈለገ ሰው ሁለት ተከላካይ አማካዮችን ቢመርጥ ይሳካለት ነበር። ካሴሚሮ በማድሪድ፣ ፋቢንሆ በሊቨርፑል ይጫወቱ ነበር፤ ሁለቱም ብራዚላውያን ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው የሚዘረጋው መስመር ቢጫ፣ ማለትም ደካማ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው እሱ ነበር። ያን መስመር ብታነሡት ሜዳው ላይ የሚቀሩት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሁለት ቡድኖች ናቸው።

የኅብረተሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት የደካማ ግንኙነትን ብርታት ያሳየው በዚሁ መንገድ ነው። በቦስተን አቅራቢያ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ፣ በሰው አማካይነት ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ተረዳ፤ የሚበዙት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው ነበር። የቅርብ ወዳጆቻችን እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። ከጽዋ ማኅበርተኞች መካከል አንዱ ወደ መተማ የሚመላለስ ነጋዴ ቢሆን፣ ማኅበሩ በሙሉ የሰሊጥ ዋጋ የሚሰማው ከእሱ ነው።

ፊፋ 23 ሲወጣ መስመሮቹ ቀሩ። ከማን ጎን መሰለፍ መቆጠሩ ቀርቶ ከአንድ ክለብ፣ ሊግ ወይም ሀገር ስንት ተጫዋች እንዳለ ይቆጠር ጀመር፤ ለአንድ ካርድ ከፍተኛው 3፣ ለቡድኑ 33 የኬሚስትሪ፣ ማለትም የመጣጣም ነጥብ ሆነ። ለውጡ የአሰላለፍ ነፃነት መስጠቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን ድልድይ የሚሆነው ተጫዋች ከዐይን በመሰወሩ አዝናለሁ። ሒሳቡ ግን አልጠፋም፤ ሀገሩ ለአንዱ ወገን፣ ሊጉ ለሌላው ወገን የሚቆጠርለት ካርድ ዛሬም ከቁጥሩ በላይ ዋጋ አለው።

ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ መስመሩ ቅብብል ይሆናል። የኅብረተሰብ ተመራማሪው ቶማስ ግሩንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ760 ጨዋታዎች የተደረጉ 283,259 ቅብብሎችን መርምሮ፣ አዘውትረው የሚቀባበሉ ቡድኖች የተሻለ ግብ እንደሚያገቡ፣ ቅብብላቸው በጥቂት ሰዎች ላይ የተከማቸባቸው ግን ውጤታቸው እንደሚቀንስ አገኘ። በውድድራችን የማየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙዎቻችሁ ኳሱ ከግብ ጠባቂው እጅ እንደወጣ ፈጣኑን የክንፍ ተጫዋች ትፈልጋላችሁ። ተጋጣሚያችሁ ይህን በሁለተኛው ጥቃት ይደርስበታል፤ ተከላካዩን ራሱ እየመራ መንገዱን ይዘጋል፤ የቀሩት ዘጠኝ ተጫዋቾቻችሁ ቆመው ያያሉ። እጅግ ጥሩ እጅ ያላቸው ልጆች በዚህ ምክንያት ሲሸነፉ ማየት ያስቆጨኛል።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ተቀብለውኛል። በዛሬው ፍጻሜ ሁለት ተማሪዎች ከስክሪኑ አጠገብ ተቀምጠው እያንዳንዱ ቅብብል ከማን ወደ ማን እንደሄደ ይመዘግባሉ፤ ሥዕሉም ከሽልማቱ በፊት እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሣበት በ2013 ዓ.ም. ካደረጋቸው ጨዋታዎች የአንዱን ምስል እያየን በተመሳሳይ መንገድ እንመዘግባለን። መሳተፍ የምትፈልጉ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን ለአስተባባሪዎቹ አስመዝግቡ።