ከማኅበሩ በላይ የኖረ አዳራሽ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ የኤድንብራ ዝናብ ማን ይመጣል ብዬ ነበር፤ ይኸው ወንበር አነሰ። ልጆች፣ ከኋላ ለቆሙት እናቶች እስቲ ተነሡላቸው።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ታነባለች። እኔ ስለ አንድ ቤት ላጫውታችሁ። አጀንዳችን ላይ «አዳራሽ እንግዛ» የሚል ነጥብ አለ አይደል? ለእሱ ይጠቅመናል።

ቤቱ እዚሁ ከተማችን ነው። ከሃይ ስትሪት ወደ ካውጌት ቁልቁል የምትወርደው ጠባብ መንገድ፣ ኒድሪ ስትሪት ላይ። የቅድስት ሴሲሊያ አዳራሽ ይባላል። ሴሲሊያ የሙዚቀኞች ጠባቂ ናት፤ የእነሱ ቅዱስ ያሬድ በሏት። (ቀሲስ፣ እንደማይወዳደሩ አውቃለሁ። ለማስረዳት ያህል ነው።)

አዳራሹን ያሠራው እንደኛው ማኅበር ነው። የኤድንብራ የሙዚቃ ማኅበር የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1728 ነው። አባላቱ የከተማው ጌቶች ነበሩ። ተቀምጠው ማዳመጥ ብቻ አልነበረም፤ ቫዮሊናቸውን ይዘው ከቅጥር ሙዚቀኞች ጋር አብረው ይጫወቱ ነበር። በ1763 ሮበርት ሚልን በነደፈላቸው የራሳቸው አዳራሽ ገቡ። የሙዚቃው ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ቅርጹ ሞላላ ነው፣ እንደ እንቁላል። ስኮትላንድ ውስጥ ለሙዚቃ ተብለው ከተሠሩት አዳራሾች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው።

ከዚያ ከተማዋ ተንቀሳቀሰች። በሰሜን በኩል አዲሱ ሰፈር ተሠራ፤ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያ ተሻገረ። በ1787 ጆርጅ ስትሪት ላይ ሌላ ትልቅ መሰብሰቢያ ተከፈተ። ሳውዝ ብሪጅ የሚባለው ድልድይም በዚያው ሰሞን ተሠርቶ አዳራሹን ጋረደው። ማኅበሩ እየሳሳ ሄዶ ፈረሰ፤ ቤቱም ተሸጠ። ልብ በሉ፣ ጣሪያው አላፈሰሰም። ሰው ነው የጎደለው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ያልሆነው የለም። የባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ የፍሪሜሶኖች መሰብሰቢያ ሆነ፣ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ወደ መጨረሻው ዳንስ ቤት ሆነ። በ1959 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገዛው። አድሶም በ1968 ሬይመንድ ራስል የሚባል ሰው ያሰባሰባቸውን የጥንት ሃርፕሲኮርዶች፣ ፒያኖ መሰል ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች ናቸው፣ አስገብቶ ለሙዚቃ መለሰው። በ2017 ደግሞ ከትልቅ እድሳት በኋላ እንደገና ተከፈተ፤ መግቢያውም ከመንገዱ ጎልቶ እንዲታይ ተደረገ። ከዚያ በፊት እኔ ሁለት ጊዜ ሳላየው አልፌ ካውጌት ደርሻለሁ።

እዚያ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ፓስካል ታስካን በ1769 ፓሪስ የሠራው ነው። ከአዳራሹ በ6 ዓመት ብቻ ያንሳል። ፒያኖ ላይ መዶሻ ነው ክሩን የሚመታው። ሃርፕሲኮርድ ላይ ግን ቁልፉን ስትጫኑ ከላባ የተቀረጸች ትንሽ ጫፍ ክሩን ነክታ፣ ቆንጥራ ታልፋለች። መጀመሪያ ስሰማው እንዚራው፣ ያ ክሩን የሚያስነዝረው ቆዳ፣ የወለቀ በገና መሰለኝ። ጥርት ያለ፣ ትንሽ ደረቅ ያለ ድምፅ።

መሣሪያ በሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ከተጫወቱበት ያልቃል፤ ካልተጫወቱበት ደግሞ ድምፁን ማን ያውቀዋል? እዚያ አስታርቀውታል፤ ከፊሉ ይነካል፣ ከፊሉ ይታያል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመጫወቱ አደላለሁ።

እዚህ ላይ ግን አፍሬያለሁ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ በገና ሰቅያለሁ። እንግዳ ሲመጣ «የአባቴ ነው» እላለሁ። 10ሩም ክሮች ረግበዋል፣ አቧራ ጠጥቷል። እናንተም ቤት እንዲሁ የተሰቀለ እንዳለ ቡና ስጠጣ አይቻለሁ፤ ስም አልጠራም።

አዳራሽ መግዛቱን አልቃወምም። ግን ቅዳሜ የልጆቹ ትምህርት ላይ የሚመጡት በጣት ይቆጠራሉ። ብዙዎቻችንም ከከተማ ወጥተን ርቀን ሄደናል፣ እንደነዚያ ጌቶች። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ብሩ ባለበት ይቆይ። በሚመጣው ዓመት ለአንድ ምሽት የቅድስት ሴሲሊያን አዳራሽ ጠይቀን እንከራይ። ወደ 200 ሰው ይይዛል። በገና የሚደረድር ይደርድር፣ ክራር የሚመታ ይምታ፣ ልጆቹም ይዘምሩ። ወንበሩን ከሞላነው፣ ስለ ግዢው በዚያው ሳምንት እንነጋገራለን።

በገናውን ዛሬ መኪና ውስጥ ይዤው መጥቻለሁ። መቃኘት የሚችል ካለ ከምሳ በኋላ ይፈልገኝ። አሁን ሪፖርቱ ነው። እህቴ፣ ነይ፣ መድረኩ ያንቺ ነው። ማይኩን ጠጋ አድርጊው፣ ከኋላ አይሰማም።