ጥፍራችሁ ይታጠፋል ወይስ ይሰበራል? የጥፍር ቀለምና ማጠንከሪያ ቤት ውስጥ ሲሞከር

[ምስል፦ ቀለም ያልነካው እጅ በቅርበት። የሌላው እጅ አውራ ጣት የአንዱን ጥፍር ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይገፋል።]

ማጠንከሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። እጃችሁን ከታጠባችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ከዚያ የጥፍራችሁን ጫፍ እንደምታዩት ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ጫፉ ያለ ምንም ትግል ከታጠፈ ጥፍራችሁ ለስላሳ ነው፤ ማጠንከሪያ የተሠራው ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው። ጨርሶ የማይታጠፍና ትንሽ ሲነካ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከሆነ ግን ጥፍሩ ድሮም ጠንካራ ነው። የጎደለው መተጣጠፍ ነው፤ እሱ ላይ ማጠንከሪያ ሲደራረብ ስብራቱ ይብሳል። ሱቅ ስትሄዱ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው ያው አንድ ጠርሙስ ነው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚያማርረውም በዚህኛው ነው። ጥፍሩ አይሰበርም፣ ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተላጠ ይነሳል። የዚህ ዋናው ምክንያት ውሃ ነው።

[ምስል፦ ሳፋ ሙሉ ልብስ፣ አጠገቡ ጀሪካኖች።]

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ፣ ውሃው የመጣ ቀን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሮቶው ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ የሳምንቱ ልብስ በአንዴ ይዘፈዘፋል፤ እጅ ለሰዓታት ከዱቄት ሳሙናና ከበረኪና አይወጣም። ጥፍር ብዙ ስስ ንብርብር ሆኖ የተሠራ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ውሃ ሲመጥ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ንብርብሮቹን ያያያዘው ነገር ይላላና ከጫፍ መላቀቅ ይጀምራሉ። ሳሙናው ደግሞ የጥፍሩን ቅባት ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ችግር ከየትኛውም ጠርሙስ በፊት የሚጠቅመው የጎማ ጓንት ነው፤ ላብ እንዳያርስ ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት ቢደረብ ደግሞ የተሻለ።

ቀለም የምትቀቡበትንም ቀን በዚሁ አስሉት። ልብስ አጥባችሁ እንደጨረሳችሁ የተቀባ ቀለም ያበጠ ጥፍር ላይ ነው የሚያርፈው። ጥፍሩ ደርቆ ሲኮማተር የቀለሙ ሽፋን አብሮት መኮማተር ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ በማግስቱ ጫፍ ጫፉ ይረግፋል። ከዚያ ጥፋቱ በቀለሙ ይላከካል። ውሃው የመጣ ቀን እጠቡ፣ በማግስቱ ተቀቡ።

[ምስል፦ የሦስት ማጠንከሪያ ጠርሙሶች ጀርባ፣ የይዘት ዝርዝሩ በቅርበት።]

አሁን ጠርሙሱን ገልብጡትና ይዘቱን አንብቡ። ማጠንከሪያ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም።

ፎርማልዲሃይድ፣ ፎርማሊን ወይም ሜቲሊን ግላይኮል የሚል ካያችሁ፣ ያ ማጠንከሪያ የኬራቲኑን ክሮች እርስ በርስ እያሰረ ነው የሚያጠነክረው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡ ይታያል፣ ሰውም ይደሰታል። ችግሩ ማሰሩ አለማቆሙ ነው። መቀባቱ ከቀጠለ ጥፍሩ ከመጠን በላይ ይደርቅና እንደ ሁለተኛው ዓይነት መሰበር ይጀምራል፤ ተጠቃሚውም ደከመ ብሎ ይጨምርበታል። ቆዳን ማስቆጣትና ጥፍርን ከሥጋው ማላቀቅም ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ከልክሎታል፤ ገበያችን ውስጥ ግን ከየትም የመጣ ጠርሙስ ይገኛልና ማንበቡ የገዢው ሥራ ነው። ዳይሜቲል ዩሪያ የሚል ካገኛችሁ እሱም የማሰር ሥራ ይሠራል፣ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ለለስላሳ ጥፍር የምንመርጠው እሱን ነው።

ካልሲየም፣ ኬራቲን፣ ቫይታሚን፣ ነጭ ሽንኩርት የሚሉት ጠርሙሶች ደግሞ በአብዛኛው ሥራቸው ሽፋን መሆን ነው። ጥፍሩ ላይ ደርቀው ስስ ጋሻ ይሆናሉ፤ ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የጥፍር ጥንካሬ ከካልሲየም አይመጣም፤ ጥፍር ውስጥ ያለው ካልሲየም እጅግ ጥቂት ነው። ጥንካሬው ኬራቲኑን ካያያዘው የድኝ ትስስር ነው። ጥፍር ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብም ብዙውን ጊዜ የካልሲየም እጥረት ሳትሆን ሥሩ አካባቢ ያረፈ ትንሽ ምት ትታው የሄደችው ምልክት ናት።

[ምስል፦ ሁለት እጆች ጠረጴዛ ላይ። ጣቶቹ ላይ «ሀ» እና «ለ» የሚሉ ፊደሎች ይመጣሉ።]

ሁለት ምርት ማወዳደር ከፈለጋችሁ አንዱን ቀኝ እጅ፣ ሌላውን ግራ እጅ አትቀቡ። ቀኝ እጅ ሊጥ ያቦካል፣ ድስት ይፈትጋል፣ ሽንኩርት ይልጣል፤ ቀኝ ላይ ያረፈው ምርት ሁሌም ተሸናፊ ይሆናል። በሁለቱም እጅ ላይ አመልካች ጣትና የቀለበት ጣት «ሀ»ን፣ መሃል ጣትና ትንሿ ጣት «ለ»ን ይቀቡ። አውራ ጣቶች ምንም አይነካቸው፤ ማነጻጸሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ሁሉንም በእኩል ርዝመት፣ ጫፉን ሁለት ሚሊሜትር አስቀርታችሁ ሞርዱ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱ።

የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከሥሩ እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ስድስት ወር ይፈልጋል፤ የእግር ጥፍር ከአንድ ዓመት በላይ። ስለዚህ ወር ሞልቶ ጫፉ ላይ የምታዩት ለውጥ በአሮጌው ጥፍር ላይ ያረፈው ምርት ሥራ ነው። በሁለት ሳምንት አዲስ ጠንካራ ጥፍር አበቅላለሁ የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

የማጠንከሪያው አቀባብ፦ የመጀመሪያው ቀን አንድ ስስ ሽፋን፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ አንድ እየደረባችሁ፣ በሰባተኛው ቀን ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከመቀባታችሁ በፊት ጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ስስ ቫዝሊን በጥጥ እንጨት ቀቡት፤ ጥፍሩን ራሱን ግን እንዳይነካ። ጥፍሩ መታጠፍ ሲቀንስ አቁሙ። ጠርሙሱ ስላላለቀ ብቻ አይቀጠልም።

[ምስል፦ የቀለም ብሩሽ በጠርሙስ አፍ ላይ ሲጠረግ፣ በጣም ቅርብ።]

ወደ ቀለሙ እንምጣ። የተለመደው የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ነገር ኢታይል አሴቴትና ቡቲል አሴቴት በሚባሉ ፈሳሾች ሟሙቶ ነው። ፈሳሹ ሲተን ሽፋኑ ይቀራል፤ መድረቅ ማለት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ቦታችን ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ብሩሹ ሁለተኛ ጊዜ ሲያልፍ ቀለሙ ከሥር ተይዞ ይጎተታል። ስለዚህ እጃችሁ ፈጣን፣ ጭረታችሁም ጥቂት ይሁን።

ጥፍሩን በ70 ፐርሰንት አልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉ፤ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። መጀመሪያ ቤዝ፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር የሚቀባው ሽፋን፤ ይህ በተለይ ለቀይና ለጥቁር ቀለም አይዘለልም፣ ያለ እሱ ጥፍሩ ቢጫ ይሆናል። ብሩሹን ነክራችሁ አንዱን ጎኑን በጠርሙሱ አፍ ጥረጉት፣ በሌላው ጎኑ ትንሽ ጠብታ ይቅር። ጠብታዋን ከሥሩ ቆዳ አንድ ሚሊሜትር ራቅ አድርጋችሁ መሃል ላይ አሳርፉ፣ ትንሽ ወደ ሥሩ ገፋ አድርጉና እስከ ጫፉ ሳቡ። ከዚያ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ። ሦስት ጭረት፣ በቃ። ያልሸፈነውን ሁለተኛው ይሸፍነዋል። በመጨረሻ ብሩሹን በጥፍሩ ጫፍ ውፍረት ላይ አግድም አሳልፉት፤ ቀለም መርገፍ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ይህች አንዲት ጭረት የቀናት ዕድሜ ትጨምራለች። በሽፋንና በሽፋን መካከል ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቶፕ ኮት፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ የሚቀባው መጨረሻ ሽፋን።

ለመንካት በሩብ ሰዓት ይደርቃል። ውስጡ ግን ለሰዓታት ለስላሳ ነው፤ ማታ ተቀብቶ የተኛ ሰው ጠዋት የብርድ ልብሱን ስፌት ጥፍሩ ላይ ታትሞ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ሲበላሽስ? አረፋ ካወጣ ወይ ወፍራም ተቀብቷል ወይ ጠርሙሱ ተንጧል፤ አይናጥ፣ በሁለት መዳፍ መሃል ይንከባለል። በክረምት ቀን ቀለሙ ነጣ ብሎ ጭጋግ የመሰለ ነገር ከያዘ፣ ፈሳሹ ሲተን ያቀዘቀዘው ገጽ ከእርጥቡ አየር ውሃ ስቦ ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ ወይም ሞቅ ባለ ክፍል ተቀቡ። እንደ ቆዳ በአንድ ጊዜ ተገፎ የሚነሳ ከሆነ ከሥር ቅባት ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ከወፈረ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማቅጠኛ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ። የቀለም ማጥፊያው አሴቶን አይጨመር፤ ለጊዜው ያቀጥንና የቀለሙን ስብጥር ያበላሻል። የጠርሙሱን አፍ ከመክደናችሁ በፊት ብትጠርጉ ግን ማቅጠኛውም ብዙ አያስፈልግም።

[ምስል፦ የከሰል ምድጃ ላይ ጀበና። በላዩ ቀይ የክልከላ ምልክት።]

ማጥፊያ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ቡና እየተፈላ የጥፍር ቀለም ማስለቀቅ የተለመደ ነው፤ ወሬውም ይመቻል። ግን አሴቶን በቀዝቃዛ አየር ውስጥም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ከሰል ምድጃው የተቀመጠው ደግሞ ወለል ላይ ነው። ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ቡታ ጋዝ ባለበት ክፍል ጠርሙሱ አይከፈት። የራሰውም ጥጥ ከሰሉ ላይ አይጣል፤ ውጭ አየር ላይ ይድረቅና ይወገድ።

ጥጡን ጥፍሩ ላይ አሥር ሰከንድ ይዛችሁ ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ ሳቡት። ወዲያና ወዲህ መፈተግ ቀለሙን ቆዳ ውስጥ ይከታል። ሲጨርስ ታጠቡና ዘይት ቀቡ። የሰሊጥም የኑግም ዘይት ይሆናል፤ ዋናው ነገር ማታ ማታ፣ ሥሩና ጫፉ ላይ፣ ለአንድ ጥፍር አንድ ጠብታ መሆኑ ነው። ለሰባሪው ዓይነት ጥፍር ከማጠንከሪያ ይልቅ የምንመክረው ይህን ነው።

ከጓዳ የሚመጡ ሌሎች መድኃኒቶች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ሎሚ ጥፍር ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ በጨርቅ አስሮ ማደርም ቆዳ ይልጣል። እንሶስላ ግን ሌላ ነው፤ ሽፋን አይሠራም፣ ኬራቲኑን ራሱን ነው የሚያቀልመው፤ ስለዚህ አይረግፍም፣ ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ይወጣል። አሴቶንም አያስለቅቀው። ጥቁር ሂና እየተባለ የሚሸጠውን ግን ተዉት፤ ብዙውን ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተቀላቅሎበታል፣ አለርጂውም ከባድ ነው።

[ምስል፦ የጄል ማድረቂያ ማሽን፣ መብራቱ ድንገት ይጠፋል።]

ስለ ጄል በአጭሩ። ጄል በትነት አይደርቅም፣ በማሽኑ ብርሃን ነው የሚጠጥረው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግማሽ የጠጠረውን ጄል እስኪመጣ ጠብቁ ብለን አንመክርም፤ ቆዳ ላይ የቆየ ያልጠጠረ ጄል የአክሪሌት (የጄሉ ዋና ኬሚካል) አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፣ ያ አለርጂ ደግሞ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ቆዳችሁን ሳታስነኩ በአልኮል ጠርጋችሁ አንሱት። የጠጠረ ጄል በጥፍር ተፈልቅቆ አይነሳም፤ የጥፍሩን ንብርብር ይዞ ይነሳል። ላዩን በቀስታ ሞርዱ፣ በአሴቶን የተነከረ ጥጥ አድርጉበት፣ በፎይል ጠቅልሉ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ካልለቀቀ ደቂቃ ይጨመር እንጂ ጉልበት አይጨመር።

የቀለም አለርጂ የሚታየው ብዙ ጊዜ ጣት ላይ ሳይሆን ዓይን ቆብና አንገት ላይ ነው፤ እጅ የሚነካካው እነሱን ነውና። ዓይን ቆባችሁ ያለ ምክንያት የሚያሳክክና የሚያብጥ ከሆነ ለሦስት አራት ሳምንት ጥፍራችሁን ባዶ አድርጋችሁ እዩት። ጥፍሩ መሃሉ ጎድጉዶ ማንኪያ ከመሰለ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመርም አለ። ሁለቱም የሐኪም እንጂ የማጠንከሪያ ሥራ አይደሉም። ለጥፍርና ለፀጉር የሚወሰደውን ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን የምትውጡ ካላችሁ ደም ከመሰጠታችሁ በፊት ለላቦራቶሪው ንገሩ፤ የእንቅርት ዕጢንና የልብ ምርመራን ውጤት ያዛባል።

ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና፣ ለወሊድ የምትሄዱ ከሆነም ቀለሙን ቀድማችሁ አጥፉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥፍሩ በኩል ብርሃን እያሳለፈ ነው የሚያነበው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ንባቡን ሊያሳስተው ይችላል። ጄል ከሆነና ጊዜ ካጠረ ቢያንስ የአንዱን አመልካች ጣት አስለቅቁ።