ለልጅ የሸጠ ሱቅ በገንዘብ ብቻ ተቀጥቶ መታለፍ የለበትም

እንደምን ዋላችሁ። ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ። ባለሱቆች፣ ወላጆች፣ ህግ አስፈጻሚዎች ሁላችሁም በአንድ አዳራሽ መሆናችሁ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ይሄን ጉዳይ ሁሉም ለየብቻው ሲያወራው አንዱ በሌላው እያሳበበ ነው የሚበተነው።

የማወራው ስለ ሲጋራ፣ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) እና አልኮል ነው። ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ አይሸጥም የሚል ህግ በብዙ አገር አለ። እንደውም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ስራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ኮንቬንሽን አንቀጽ 16 ላይ መከልከል ብቻ ሳይሆን ሻጩና አከፋፋዩ ላይ ቅጣት ይኑር ይላል፣ ሻጩ ከተጠራጠረ መታወቂያ ይጠይቅ ይላል፣ ሲጋራ በነጠላ መሸጥም እንዲቀር አገሮች ጥረት ያድርጉ ይላል። ነጠላው ለምን ተነሳ ካላችሁ፣ ሙሉ ፓኬት መግዣ የሌለው ልጅ የሚጀምረው በአንዷ ስለሆነ ነው።

እና ህግ አለ፣ ችግሩ ቅጣቱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ቅጣት ሲባል ገንዘብ ነው የሚታየው፣ እኔ ግን ገንዘብ ብቻውን አይሰራም ነው የምለው። ብዙ የሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ቅጣቱን እንደ ኪራይና እንደ መብራት ወጪ ውስጥ አስገብቶት ከፍሎ ይቀጥላል፣ ትንሹ ሱቅ ደሞ በዛው ብር መጠን ሊዘጋ ይችላል፣ ይሄ ፍትህ አይደለም። ባለሱቅ በእውነት የሚፈራው ፈቃዱን ነው። ስለዚህ ቅጣቱ በደረጃ ይሁን፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደግም ገንዘብ፣ አሁንም ከቀጠለ ያንን ዕቃ የመሸጥ ፈቃዱ ይታገድ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሱቅ በ36 ወር ውስጥ ቢያንስ 5 ጊዜ ሲጥስ ከተገኘ ትምባሆ እንዳይሸጥ ትዕዛዝ ሊወጣበት ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ደሞ በ3 ተከታታይ ወር ውስጥ 2 ጊዜ ለልጅ አልኮል የሸጠ ቤት ክስ ይመሰረትበታል፣ ወይም ክሱን ትቶ ከ48 ሰዓት እስከ 14 ቀን የአልኮል ሽያጭ ማቆም ይቀበላል። ቀኑ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ግን ደንበኛ መጥቶ ለምን አትሸጡም ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከገንዘቡ በላይ ይከብዳል።

ሌላው፣ ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢከብድ ማንም መጥቶ የማያይ ከሆነ ባዶ ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ህግ በየስቴቱ ትምባሆ የሚሸጡ ሱቆች በድንገት እንዲፈተሹ አደረጉ፣ ከተፈተሹት ውስጥ ለልጅ የሸጡት ከ20 በመቶ ካለፉ ስቴቱ ራሱ ከፌዴራል የሚያገኘው በጀት ሊቀነስበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አካባቢ 40 በመቶ ገደማ የነበረው ከአስር ምናምን ዓመት በኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፣ ግን ፍተሻው ትልቅ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ። ፍተሻው ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት ከተቆጣጣሪ ጋር ሄዶ ለመግዛት የሚሞክርበት ነው፣ አንዳንድ ነጋዴዎች ይሄ ወጥመድ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን አይመስለኝም፣ ምክንያቱም መታወቂያ የሚጠይቅ ሱቅ ማንም ቢልኩበት አይወድቅም።

ማን ይቀጣ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋር ነው ትልቁ በደል የሚሰራው። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ካሸሩ ነው። ካሸሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ መታወቂያ ሲጠይቅ ይሰደባል፣ አለቃው ደሞ ሽያጭ ለምን ቀነሰ ይለዋል። ባለቤቱ ሰራተኛ ሳያሰለጥን፣ ማስታወቂያ ሳይለጥፍ፣ እምቢ ያለውን ሰራተኛ ሳይደግፍ ቀርቶ ካሸሩ ላይ ብቻ መፍረድ ልክ አይደለም። ባለቤቱ ይጠየቅ፣ ሰራተኛውን ማሰልጠኑን በማስረጃ ካሳየ ደሞ ይታይለት። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሱቆች ከ25 በታች የሚመስልን ሰው ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ገዢው መብቱ 18 ላይ ቢጀምርም። ይሄ ካሸሩን በጣም ያግዘዋል፣ ፊት አይቶ 17 ነው 18 ነው እያለ አይጨነቅም።

ልጁስ? ሊገዛ የመጣውን ልጅ መቅጣት አልደግፍም። ከለላ ያስፈልገዋል እንጂ ክስ አያስፈልገውም። ግን ለልጅ ብሎ የሚገዛ ትልቅ ሰው አለ፣ እሱ ይጠየቅ፣ እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለልጅ ሲጋራ ገዝቶ መስጠትን ጥፋት አድርገውታል። ወላጆችም እባካችሁ ልጅ ሲጋራ ግዛ ብላችሁ አትላኩ፣ "አባቴ ልኮኝ ነው" የሚለውን ልጅ ባለሱቁ ሲመልሰው ደሞ ሄዳችሁ አትቆጡት፣ አመስግኑት።

ለህግ አውጪዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። አሁን ዕቃው በስልክ ታዞ ቤት ድረስ ይመጣል፣ በሩ ላይ ማን እንደተቀበለው የሚያይ የለም። በሚወጣው ደንብ ውስጥ አድራሹም መታወቂያ እንዲጠይቅ፣ ካልጠየቀ አድራሹ ብቻ ሳይሆን የሸጠው ድርጅት ፈቃዱ እንዲነካ አድርጋችሁ ጻፉት። አመሰግናለሁ፣ ጥያቄ ያለው ካለ እቀበላለሁ።