ግድግዳው ይተንፍስ፦ በጎንደር ነባር ሰፈሮች ስለመኖር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የዛሬው የአድማጮች ሰዓት የተያዘው በነባር ሰፈሮች ቤቶች ጉዳይ ነበር። ስልኩ ከአዲስ ዓለም፣ ከአቡን ቤት፣ ከፒያሳና ከማራኪ ሲደወል አመሸ። መልስ የሰጡት የድንጋይ ቤቶችን በመጠገን ሥራ ረጅም ጊዜ ያሳለፉ የሕንፃ ባለሙያ ናቸው።

እናት አድማጭ፣ ከአዲስ ዓለም፦ ከአባቴ የወረስሁት ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ሦስት ክፍሎች ለተማሪዎች አከራይቻለሁ። የግድግዳው ታችኛው ክፍል በየክረምቱ ይረጥባል፣ ቀለሙም ይላጣል። ልጄ ዙሪያውን በሲሚንቶ እንለስነው ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ለቤቱ ማሰቡ ያስመሰግነዋል፤ ሲሚንቶውን ግን አያስገቡት። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውንም መልሶ ይሰጣል። ክረምት ከመሬት የሳበውን እርጥበት በጋ ሲመጣ በፊቱ በኩል ለነፋስና ለፀሐይ ያስረክባል። ፊቱን በሲሚንቶ ስትደፍኑበት ውሃው መውጫ ያጣል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ድንጋዩን ያያያዘውን ጭቃ ከውስጥ ያላላል። ልስኑ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ያማረ መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እኔ በእጄ ነክቼ አይቻለሁ። በጥር ወር፣ ዝናብ ከቆመ ወራት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ቤት ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ግድግዳውን በጣቴ አንጓ መታ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ከሲሚንቶው የመዳፍ ያህል ፈልቅቀን ስናነሣ ከኋላው ያለው ጭቃ ትናንት የተቦካ ይመስል ነበር፤ ተጭኜ ሳየው ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ይተኙ ነበር።

በጎንደር የነገሥታት ግንቦችም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገኑ ሲሚንቶና ኮንክሪት ገባባቸው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ያንን በኖራ መተካት ግድ ሆነ። ለነገሥታቱ ግንብ ያልበጀ ለእርስዎ ቤት አይበጅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። በእኛ ሰፈሮች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከውጭ ነው። መንገዱ አፈር ሲደለደልበት፣ በላዩም ኮብልስቶን ሲነጠፍበት መሬቱ ከቤቱ ወለል በላይ ይሆናል። ልጅ ሳሉ ወደ ቤት ሲገቡ ደረጃ ይወጡ ነበር? አሁን ይወርዳሉ? እንዲያ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ግድግዳው ሥር የተከማቸውን አፈር ያስነሡ፣ መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቅዝቁት፣ የጎርፍ ቦይ ያስቆፍሩ፣ ጣሪያውንም አሸንዳ ያስገጥሙለት። ይህን ብቻ አድርገው ግድግዳው የደረቀላቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያ የተላጠውን ቀለም ያስፍቁና ግድግዳውን በጋውን ሙሉ ባዶውን ይተዉት። ይድረቅ፤ አይቸኩሉ። የተጎዳውን ቦታ ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ ያስመርጉ፣ ላዩን ደግሞ በኖራ ያስለስኑ፦ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ፤ አንዴ አወፍሮ ከመለሰን ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መለሰን ይሻላል። ኖራ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ሲለሰን እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠልበት፣ ለሳምንት ያህልም ውሃ ይረጭ። ግንበኛው «ይህ ሥራ ይዘገያል» ይልዎታል። አዎን፣ ይዘገያል። አባትዎ ያወረሱዎት ቤትም ሲሠራ በችኮላ አልነበረም።

አድማጭ፣ ከዚያው ከአዲስ ዓለም፦ የምንኖርበት ነባር ቤት ፎቅ አለው፣ ወለሉ እንጨት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለተከራዮች ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ፎቁ ላይ ላስቀምጥ አስቤአለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎን አያስቀምጡ። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ሺህ ኪሎ ነው፤ ሃያ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጥግ ላይ ከመቆለል አይለይም። የወለሉን ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ አይተዋቸዋል? ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ነው በእርጥበትና በምስጥ መጀመሪያ የሚበሰብሰው፣ ከውጭም አይታይም። ሮቶውን ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ራቅ ባለ ቦታ፣ ለብቻው በተገነባ የድንጋይ መደብ ላይ ያኑሩት። የሚያፈስ ቧንቧ ካለም ዛሬውኑ ያስጠግኑ።

ሴት አድማጭ፣ ከማራኪ፦ የማታ ተማሪ ነኝ። ያለሁበት ቤት ባለቤት ያለ ውል ያከራዩኝ ሲሆን በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ኪራይ ጨምረውብኛል። ሕግ አለ?

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ክፍለ ከተማሽ ሄደሽ የቤቶች ጉዳይ ክፍሉን ጠይቂ። እስከዚያው ግን ውል በጽሑፍ እንዲሆንልሽ ጠይቂያቸው፤ ይህ ለእሳቸውም ጥበቃ ነው።

ለአከራዮችም አንድ ቃል ልጨምር። ይህ ከተማ ከተማሪ ጋር መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጀምሮ ነው። ቤተሰቦች ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ልጅ የሚይዙበትን የቃል ኪዳን ቤተሰብ ሥራም ሁላችን እናውቀዋለን። መደበኛ ተማሪው የሚያድረው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወደ እናንተ የሚመጣው የማታ ተማሪው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው፣ የግል ኮሌጁ ልጅ፣ ሆስፒታል የሚሠራው ወጣት ነው። ለእነዚህ ክፍል ስታከራዩ መስኮቱ የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ። በጠባብ ክፍል፣ በተዘጋ መስኮት ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። በአሮጌ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ደግሞ ምድጃና ምጣድ ባንድ ላይ አይሰካ፤ ጣሪያው ሥር ያለው እንጨት ደርቆ የከረመ ነው።

አባት አድማጭ፣ ከፒያሳ፦ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስሳል። ባሳድሰው ገንዘቤ ይባክናል ብዬ እሰጋለሁ፤ ብተወው ቤቱ ሊፈርስብኝ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ ወዲህ ስንት ያማረ ቤት በዚህ መሃል ቤት ቀረ! ነዋሪው የኔ አይደለም ይላል፣ አስተዳዳሪው የኪራዩ ገቢ ጥገናውን አይችልም ይላል፣ ዝናቡ ግን ሁለቱንም አይጠብቅም። ሳያስፈቅዱ አይንኩት፤ ማመልከቻ በጽሑፍ ያስገቡ፣ የገባበትን ቁጥርና ቀን ይያዙ፣ የሚያፈስሰውንም ቦታ ፎቶ ያንሡ። ፈቃድ ሲያገኙ ያወጡት ወጪ ከኪራይ ይታሰብ እንደሆነ እዚያው በጽሑፍ ይጠይቁ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጣሪያው ያውሉት። ቀለምና ኮርኒስ ይቆዩ፤ ጣሪያው ደህና የሆነ ግድግዳ ብዙ ዘመን ይታገሣል።

አድማጭ፣ ከአቡን ቤት፦ የአያቴን ቤት አፍርሼ ባለ ሦስት ፎቅ ሠርቼ ለተማሪዎች ማከራየት እፈልጋለሁ። ይከለክሉኛል?

መልስ፦ ጉዳዩ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው፣ የፋሲል ግቢና ሌሎቹ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋልና በዙሪያቸው የሚነሣ ግንባታ በከፍታውም በመልኩም ይመረመራል። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ከመጠየቅዎ በፊት ወደ ባህልና ቱሪዝም መምሪያው ይሂዱ። ሁለተኛው፣ ቤቱ ራሱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መጠገንን እንኳ አይፈቅድም፤ ባለቤቱም በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥልበታል። ወጪው ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊረዳ እንደሚችልም ያው አዋጅ ይናገራል፤ ይህን ክፍል ሰው ስለማይጠይቀው የተረሳ ነው፤ እርስዎ ይጠይቁ።

ይህን ያህል ሕጉ ነው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ግን የአያትዎን ቤት አያፍርሱት። ከኋላው ግቢ ካለ እዚያ በልኩ ይሥሩ፣ የፊተኛውን ይጠግኑ። የወይራው መቃን፣ በእጅ የተጠረበው ድንጋይ፣ እነዚያ ወፍራም ግድግዳዎች በቀን ሙቀት የሚሰጡት ቅዝቃዜ አንዴ ከሄዱ በምንም ገንዘብ አይመለሱም። ለማከራየትም ቢሆን፣ በዚህ ቤት ያደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አድማጭ፣ ከፒያሳ፦ ከግድግዳችን መካከል የዋርካ ችግኝ በቅሏል። በፋሲለደስ መዋኛ ሥሩ ግንቡን አቅፎ እንደያዘው ይህም ይደግፈው ይሆን?

መልስ፦ አይደግፈውም። የመዋኛው ማማር ለዓይን ነው፤ የእርስዎ ግድግዳ ግን በጭቃ የተያያዘ ስለሆነ ሥሩ እንደ ሽብልቅ ይለያየዋል። ገና ጣት ሳያክል ይንቀሉት። የወፈረ ከሆነ አይጎትቱት፣ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል፤ ቆርጠው ያድርቁትና ከዚያ በጥንቃቄ ያውጡት።

እናት አድማጭ፣ ከማራኪ፦ ጎረቤት ያሉ ወጣቶች ሌሊቱን በሙዚቃ ያነጉታል። የት ልክሰስ?

መልስ፦ ከክሱ በፊት ሄደው ያነጋግሯቸው፤ ከቤታቸው የራቁ ልጆች ናቸው፣ የእናት ቃል ይሰማሉ። ካልሆነ አከራያቸውን፣ ቀጥሎም ሽማግሌ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ከመልካም ጉርብትና የሚያልፍ ጩኸት፣ ጭስና መጥፎ ሽታ ይከለክላል። የአካባቢውን ልማድ ማየትም ያዝዛል፤ ስለዚህ የጥምቀት ሰሞን ጭፈራ በዚህ አይቆጠርም።

አድማጭ፣ ከአዲስ ዓለም፦ ግድግዳችን ከመስኮቱ ጥግ ወደ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ልቀቅ ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ስንጥቁ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይም ግድግዳው ወደ ውጭ ካበጠ ዛሬውኑ ልጆቹን ከዚያ ክፍል ያውጡ። ቀጭን ከሆነ ግን መጀመሪያ እየሰፋ መሆኑን እንወቅ። ስንጥቁን አቋርጦ ስስ ጀሶ ይለጥፉበት፣ ላዩ ላይ ቀኑን ይጻፉ። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች። በየሳምንቱ ይዩት። ጀሶው ክረምቱን ሳይሰነጠቅ ከወጣ የግድግዳው ስንጥቅ የድሮ ነው፤ በጭቃና በኖራ ይደፈናል። ጀሶው ከተሰነጠቀ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳይነካኩ ይደውሉልኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ።