የባትሪ ድንጋይ ለምን ትልቅና ትንሽ ሆነ?

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ንግግር ብዙም አልችልበትም። ስለዚህ ዕቃ ይዤ መጣሁ።

ይኼ የእጅ ባትሪ ነው። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይጎርሳል። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ትልቁ ድንጋይ ጉልበተኛ፣ ትንሹ ደግሞ ደካማ ይመስለዋል። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እስቲ እንለካው። ይቺ ተስተር ትባላለች፤ የኤሌክትሪክን ግፊት በቮልት ትለካለች። ትልቁን ስነካው 1.5 ቮልት ገደማ አሳየች። አሁን ደግሞ ከሪሞት ያወጣሁትን ቀጭኑን... ያው 1.5 ገደማ!

ቮልቱ የሚመጣው ከግዝፈቱ ሳይሆን ውስጡ ካለው ኬሚካል ነው። ሁለቱም ውስጥ ያለው ዚንክና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። መምህራን ይቅር ይበሉኝና፣ ነገሩ እንደ ጠላ ነው። አንዱን ጠላ በጋንም ያዙት በጠርሙስ፣ ጥንካሬው ያው ነው። ጋኑ ግን ሠርግ ይደግሳል፣ ጠርሙሱ ሁለት ሰው እንኳ አያጠግብም።

ትልቁ ድንጋይ፣ ዲ የሚሉት፣ ደብል ኤ ከሚባለው ቀጭን ድንጋይ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ከረንት፣ ማለትም ብዙ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ባንዴ ሲጠየቅ ቶሎ አይዝልም። የድሮው ቴፕ ሞተር ያዞራል፣ ድምፅ ማጉያም ያንቀጠቅጣል፤ ስለዚህ ትልልቁን ደርድሩልኝ ይል ነበር። ሪሞት ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ውሎ ለጥቂት ሰከንድ ነው የሚሠራው። ለእሱ ትልቁን ብታደርጉለት እንደ ዱላ ይከብዳችኋል።

ትናንት ማታ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሁለት ደብል ኤ በወረቀት ጠቀለልኩና እዚህ ባትሪ ውስጥ ከተትኳቸው። ርዝመታቸው በ11 ሚሊ ሜትር ስለሚያጥር፣ ክፍተቱን በሲጋራ ብር ወረቀት ሞላሁት። ይኸው፣ በራ! የሚያልቀው ግን ቶሎ ነው።

ስማቸውስ? ዲ የሚባለውን መጠን በፈረንጆቹ 1898 ለእጅ ባትሪ ብሎ ያወጣው ናሽናል ካርበን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ፊደሉ የተሰጠው ግን በኋላ ነው፤ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ አምራቾቹ ተስማምተው ከትንሽ ወደ ትልቅ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አሏቸው። ከኤ ያነሰ ድንጋይ ሲመጣ ደብል ኤ፣ ከዚያም ትሪፕል ኤ ተባለ። ከሀ በፊት እኛም ፊደል የለንም፤ አልፈርድባቸውም። ኤ እና ቢ የሚጎርሳቸው ዕቃ ሲጠፋ ከሱቅ መደርደሪያ ወረዱ።

አራት ማዕዘኑ ዘጠኝ ቮልትስ? አንዱን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሆዱ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ድንጋዮች በተርታ ተያይዘው ተኝተዋል። ስድስት ጊዜ 1.5፣ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ልጆች፣ እናንተ ግን እንዳትፈቱ፤ ውስጡ ያለው ነገር ቆዳ ያቃጥላል።

ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ስለማስጣት እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሙቀቱ የቀረውን ያነቃቃዋል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርለትም። እናቴ ይህን ነግሬያት አላመነችኝም።

ተስተሯ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ ኑና ለኩ። ባትሪዬን ግን መልሱልኝ፣ ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል።