ካልሲው ባይገጥምስ?

ውድ ወላጆች፣ አሳዳጊዎች፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራው ስለ ጠዋት ነው። በተለይ ከቤት ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀር ስላለችው ጠዋት። የአራት ዓመቱ ልጅ ባለ መስመር ሱሪ ላይ ባለ ነጥብ ሹራብ ደርቧል። ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ወጥታ እሱ የዝናብ ቡትስ አጥልቋል። አንዱ ካልሲ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ግንባሩ ላይ የዋና መነጽር። ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ከብዙዎቻችን አፍ ምን ይወጣል? «ና ወዲህ! እንዲህማ ሆነህ አትወጣም።»

ለምን አይወጣም? አይበርደውም። ማንንም አይጎዳም። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የያዘን ይሉኝታ ነው። «ይሄ ልጅ የሚያየው ሰው የለም እንዴ?» እንዳንባል ነው። ልጁ ገና ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። የእኛን ጭንቀት ግን እሱ እንዲለብሰው እናደርጋለን።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ያ አለባበስ የልጁ ሥራ ነው። ሐምራዊ ፀሐይ ሲስል «ፀሐይ ቢጫ ናት» ብለን ሥዕሉን አንቀድበትም። ግድግዳ ላይ እንለጥፍለታለን። ቀለም መርጦ፣ ይሄ ከዚያ ጋር ይሄዳል ብሎ ወስኖ፣ ገላው ላይ ሲሠራው ግን ስህተት እንለዋለን።

ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የልጆችን እድገት በደረጃ ሲከፍል፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ በራስ የመቻልና የማፈር ትግል የሚታይበት ነው ይላል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «እኔ ራሴ!» የሚባልበት ዕድሜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ልጁ በራሱ ተነሳሽነት አንድ ነገር መጀመር ይፈልጋል። ለዚህ ዕድሜ ልጅ በእጁ ያለው ግዛት ጠባብ ነው። መቼ እንደሚተኛ፣ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚይዘው የምንወስነው እኛ ነን። ልብስ በየቀኑ ከሚያገኛቸው ጥቂት የመወሰኛ ዕድሎች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት (ኮንቬንሽን) አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠዋል ይላል። አርቃቂዎቹ ያኔ ስለ ካልሲ ያስቡ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ልጅ ካልሲ ላይ ያልተሰማ ሌላው ላይ እንዴት ይሰማል?

«ታዲያ ቁምሳጥኑን ከፍቼ እንደፈለግህ ልበለው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ወሰኑን ማስመር የእኛ ሥራ ነው፤ በወሰኑ ውስጥ ያለው የእሱ ነው። ብርድ ከሆነ ጃኬት ይለበሳል፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የትኛው ጃኬት እንደሆነ ግን እሱ ይምረጥ። ለሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ቲሸርት ዘርግቶ «ይሄ ወይስ ይሄ?» ማለት ይበቃል። ምርጫ ሲበዛ ግራ ይጋባል፣ ያለቅሳል። ከፍ ሲል አንድ መሳቢያ ስጡት፤ ወቅቱን ያልጠበቀውንና የጠበበውን ቀድማችሁ አውጡለት። ከዚያ በኋላ ከመሳቢያው የወጣው ሁሉ ትክክል ነው። እናንተም እፎይ ትላላችሁ። ጠዋት የሚያጣድፋችሁ ከሆነ ደግሞ ማታውኑ ይምረጥ።

አንድ ነገር ብቻ አታድርጉ። «ምን መልበስ ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሲመልስ «እሱስ ይቅር» ማለት። ከዚህስ አለመጠየቅ ይሻላል።

ትልቅ ዝግጅት ካለ ወይም ዩኒፎርም ግድ ከሆነ በግልጽ ንገሩት። «ዛሬ ልብሱን እኔ መርጫለሁ፣ ካልሲውን አንተ ምረጥ።» ልጆች እኮ ይደራደራሉ፤ የሚያናድዳቸው መታለል ነው።

አለባበስ የእጅ ሥራም ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ከፈተች። በእሷ ዘዴ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ጨርቅ የተወጠረበት የእንጨት ማዕቀፍ ነው። ልጆች ቁልፍ መቆለፍንና ማሰሪያ ማሰርን እሱ ላይ ይለማመዳሉ። በሞንቴሶሪ ክፍሎች የተለመደች አንዲት የጃኬት ዘዴም አለች፣ በጣም እወዳታለሁ። ጃኬቱን ወለል ላይ ውስጡ ወደ ላይ እንዲሆን ትዘረጉታላችሁ። ልጁ በኮሌታው በኩል ይቆማል። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ይከትና በጭንቅላቱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ለበሰ! የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ሲችል ፊቱን ማየት ነው።

ማውለቅ ከመልበስ እንደሚቀድም አትርሱ። የሁለት ዓመት ልጅ ካልሲውን ቶሎ ቶሎ የሚያወልቀው ሊያናድዳችሁ ሳይሆን የቻለው እሱን ስለሆነ ነው። የጫማ ክር ማሰር ለብዙዎቹ እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪና በቀላሉ የሚጠለቅ ጫማ ግዙላቸው። ግራና ቀኙን አቀያይሮ ካጠለቀም፣ ካልቆረቆረው ይሂድ። ሲቆረቁረው ራሱ ይቀይረዋል።

«ይሄን አልለብስም» ብሎ የሚያለቅስ ልጅም ሁልጊዜ ሞልቃቃ አይደለም። ልብሱ አንገት ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ምልክት ልታሳክከው ትችላለች። የካልሲው ስፌት ጣቱን ሊወጋው ይችላል። ቆዳቸው ለዚህ ነገር በጣም ስስ የሆነ ልጆች አሉ። ምልክቷን ከልብሱ ቆርጣችሁ እዩት፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

ቀለምን በተመለከተ ደግሞ ሮዝ የሴት፣ ሰማያዊ የወንድ የሚባለው ከጥንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 የታተመ አንድ የአሜሪካ የሕፃናት ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት በተቃራኒው ነበር የመከረው። ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ስለሚል ለሴት ብሎ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሆኑት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሕፃንነታቸው ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸው ረዝሞ የተነሱት ፎቶ አለ። ያኔ የተለመደ ነበር። ወንድ ልጃችሁ ሮዝ ሹራብ ቢመርጥ ሰማይ አይደፋም።

አሁን የማልደራደርበትን ልናገር። በኮፍያና በአንገት በኩል የሚንጠለጠል ገመድ ያለው ልብስ አውጡት። ሸርተቴ ላይ ተይዞ ልጅ ያንቃል። የአውሮፓ የደኅንነት ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ልብስ ይህን ገመድ ይከለክላል። ካባ የሚወድ ልጅ ካለ፣ ሲጎተት ወዲያው በሚላቀቅ ነገር ይያያዝለት እንጂ አንገቱ ላይ አይታሰር።

ሌላም ልመና አለኝ። ልጁ ተዘበራርቆ ሲለብስ ፎቶ አንስታችሁ ሰው እንዲስቅበት አትልቀቁት። እሱ የኮራበትን እኛ ቀልድ ካደረግነው በሚቀጥለው አይሞክርም። «ውይ ሲያምር!» ማለትም ብዙ አያስኬድም። «መነጽሩ ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ረጅም ታሪክ ትሰማላችሁ፣ ለዚያ ጊዜ ይኑራችሁ።

ለመምህራን ደግሞ፣ ልጆች ለማስመሰል ጨዋታ የሚለብሱት በሚቀመጥበት የክፍሉ ሳጥን ውስጥ ተሰፍቶ ያለቀ የጀግና ልብስ ብቻ አትሙሉ። ሰፋፊ ጨርቅ፣ ኮፍያ፣ አሮጌ ቦርሳ፣ ትልቅ ሸሚዝ ጨምሩበት። የተዘጋጀ የንግሥት ቀሚስ ንግሥት ብቻ ነው የሚሆነው። ጨርቁ ግን ክንፍም፣ ወንዝም፣ የሐኪም ጋዋንም ይሆናል። መስታወቱንም ዝቅ አድርጋችሁ በልጆቹ ቁመት ስቀሉላቸው፤ በአብዛኛው ቦታ የተሰቀለው ለእኛ ቁመት ነው።

ጥያቄም ተቃውሞም ካላችሁ እዚሁ ነኝ። አመሰግናለሁ።