ካሜራውን ማን ያዘው? ስለ «ክሮኒክል» ፊልም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፊልም ነው፤ በዚያው ደግሞ በስልክ ፊልም ለምትሠሩ ልጆች የሚጠቅም ነገር ጣል ጣል አደርጋለሁ። ፊልሙ «ክሮኒክል» ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው። ያላያችሁት ካላችሁ መጨረሻውን ሳልደብቅ ስለምናገር ቅድሚያ እዩት። 84 ደቂቃ ብቻ ነው።

ገጸ ባሕሪያቱ ራሳቸው የቀረጹት ተብሎ የሚቀርብ ፊልም፣ ፋውንድ ፉቴጅ የሚሉት ማለት ነው፣ አንድ የማይለቀው ጣጣ አለበት። ነገሩ ሲከፋ፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲፈርስ፣ ተመልካቹ «ይሄ ሰውዬ ካሜራውን ጥሎ ለምን አይሮጥም?» ይላል። ይህን አንዴ ካለ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ተዋናይ እንጂ ሰው አይደለም። አብዛኞቹ ሠሪዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፉት ይሞክራሉ። «ሰው ማወቅ አለበት፣ መቅረጽ አለብኝ» ያስብሉታል። «ክሮኒክል» ግን ጥያቄውን ራሱን የታሪኩ ሞተር አደረገው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እሱን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ፦ ሲያትል ውስጥ የሚኖሩ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ። አንድሩ፣ ዘመዱ ማት፣ እና በትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚወደደው ስቲቭ። አንድ ማታ ድግስ ላይ ሳሉ ጫካ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ገብተው የሚያበራ ነገር ያገኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃን በሐሳብ ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ኃይሉ እንደ ጡንቻ ነው፣ ባሠሩት ቁጥር ይጠነክራል፣ ከልክ ሲያልፍ አፍንጫ ያደማል። ዳይሬክተሩ ጆሽ ትራንክ ያኔ 27 ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙ። ጽሑፉ የማክስ ላንዲስ ነው። አንድሩን ዴን ዲሃን፣ ማትን አሌክስ ራስል፣ ስቲቭን ማይክል ቢ. ጆርዳን ይጫወቷቸዋል። ወጪው ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ገቢው ከ120 ሚሊዮን አለፈ። ለልዕለ ኃይል ፊልም 12 ሚሊዮን ምንም ማለት አይደለም፤ ለዚህም ነው «ሲያትል» ብለን የምናየው አብዛኛው ቦታ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን የሆነው። እዚያ መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ አሜሪካ በቀኝ። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚታይ መኪና ሁሉ መሪው በግራ በኩል ያለ መሆን አለበት። አንድ ታክሲ ከጀርባ በተሳሳተ መስመር ሾልኮ ቢያልፍ ሾቱ፣ ማለትም ሳይቋረጥ የተቀረጸው ምስል፣ ከሰረ።

ወደ ካሜራው እንመለስ። የመጀመሪያውን ምስል አስታውሱ። መስተዋት ነው። አንድሩ ክፍሉን ቆልፎ ካሜራውን ወደ መስተዋቱ አዙሯል፣ አባቱ ሰክሮ በሩን ይደበድባል። አባትየው በሥራ ላይ ተጎድቶ የቀረ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፣ እናትየዋ በካንሰር አልጋ ላይ ናት። ልጁ ካሜራ ገዝቻለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እቀርጻለሁ ይላል። «ለምን ይቀርጻል?» የሚለው እዚያው ተመለሰ፦ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሚደርስበትን ሁሉ እንደ ተመልካች ማየት ይችላል። ካሜራው ጋሻው ነው። ጋሻውን ጥለህ ሩጥ የሚለው ደግሞ ማንም የለም።

ብልህነቱ ያለው ቀጥሎ ነው። ልጁ ዕቃ በሐሳብ ማንቀሳቀስ ከቻለ ካሜራም ዕቃ ነው። ስለዚህ ካሜራው ከእጁ ይወጣል። መጀመሪያ በዓይን ቁመት፣ በእጅ እየተንቀጠቀጠ ያየነው ምስል ቀስ እያለ ይረጋጋል፣ ከፍ ይላል፣ ልጁን ከላይ ወደ ታች ማየት ይጀምራል። ከካሜራ ጀርባ ሊደበቅ የገዛው ልጅ የቀረጻው መሃል ላይ ቆመ ማለት ነው። ማንም ሳይነግረን፣ በምስሉ አቀማመጥ ብቻ፣ ትዕቢቱ ሲያድግ እናየዋለን። ሸረሪት በታትኖ ሲገድል፣ ኋላም ሰውን ከእንስሳ አሳንሶ ሲናገር፣ ምስሉ ቀድሞ ነግሮን ስለነበር አንደነግጥም።

እንዴት ሠሩት? የምስል ባለሙያው ማቲው ጄንሰን ነው። የተጠቀመው የቤት ካሜራ ሳይሆን አሪ አሌክሳ የተባለውን ትልቅ የሲኒማ ካሜራ ነው፣ አካሉ ብቻ ያለ ሌንስ ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል። አንድሩ ካሜራውን ወደ ሰማይ የሚያስነሳበትን ሾት በገመድ ላይ አስረው 36 ሜትር ገደማ አወጡት። ወለል ላይ ሲያንሸራትተው ደግሞ ካሜራው የተጫነው ስኬትቦርድ ላይ ነው። ለበረራው ስታንት፣ አደገኛውን ትዕይንት ማለት ነው፣ የሚሠሩ ሰዎች ከክሬን ክንድ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ የግሪን ስክሪኑ ክፍል፣ ማለትም ከጀርባ በኋላ በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ መጋረጃ ያለበት፣ ቫንኩቨር ተቀረጸ። አንድ የሚታይ ጉድለት ከዚህ ይመጣል። ከባድ ካሜራ ሲንቀጠቀጥ በዝግታ ይወዛወዛል፤ ቀላል ካሜራ ግን ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ይርገበገባል። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል የልጁ እጅ ከሚገባው በላይ የተረጋጋ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ስልክ የያዛችሁ ሰዎች በዚህ ትበልጧቸዋላችሁ፤ እውነተኛው መንቀጥቀጥ በነፃ አላችሁ።

እሺ፣ በስልክ አንድ ዕቃ፣ ኩባያ በሉት፣ በአየር ላይ ማንሳት ብትፈልጉስ?

ስልኩን ትራይፖድ ላይ ቆልፉት። በእጅ አትያዙት፤ መንቀጥቀጡ በኋላ ይጨመራል። በትልቁ የምስል መጠን፣ በ4ኬ ቅረጹ፣ የመጨረሻው ቪዲዮ ግን አነስ ያለው 1080 ይሁን። ያ ትርፍ ቦታ ነው መንቀጥቀጡን የሚሸከመው። ከዚያ የስልኩን ስክሪን ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፤ ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያም (ዋይት ባላንስ) እንዲሁ። ካልቆለፋችሁት ተዋናዩ ወደ ፍሬሙ ሲገባ ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ያስተካክላል፣ በኋላ የምትቀርጿቸውን ሁለት ምስሎች ስትደራርቡ አንዱ ይጠቁራል።

ስለ መብራት አንድ ነገር። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርትዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጋችሁ ቅረጹ። ብዙ ስልክ ከፋብሪካው በ30 ፍሬም ተስተካክሎ ስለሚመጣ በፍሎረሰንት (ረጅሙ ነጭ) መብራት ሥር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይንከባለላል፤ ይሄ በኤዲቲንግ የሚጠፋ አይደለም። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ እናንተ ጋ 60 ኸርትዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 ይስማማችኋል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን የትም ቢሆን ሊያስቸግር ስለሚችል ዋናውን ከመቅረጻችሁ በፊት 10 ሰከንድ ሞክራችሁ እዩት።

አሁን ሁለት ጊዜ ትቀርጻላችሁ። አንዴ ሰውም ኩባያም የሌለበትን ባዶ ክፍል፣ 10 ሰከንድ ይበቃል። ሁለተኛ ተዋናዩን፣ ኩባያው በቀጭን ዘንግ ጫፍ ተይዞ። የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀም ብዙ ነው፣ እኔ ግን አልመክርም። ክር ያብረቀርቃል፣ ኩባያውም እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። በሐሳብ የተያዘ ዕቃ መወዛወዝ የለበትም። ዘንጉ የማያብረቀርቅ ጥቁር ይሁን፣ ከተዋናዩ ተቃራኒ ወገን ይግባ፣ በሰውነቱ ፊት ፈጽሞ አይለፍ። ባዶ ግድግዳ ላይ ያለ ዘንግ በኤዲቲንግ የባዶውን ክፍል ምስል ስትደርቡበት ይሸፈናል፤ በሚንቀሳቀስ ሸሚዝ ላይ ያለ ዘንግ ግን አንድ በአንድ፣ ፍሬም በፍሬም በእጅ መጥፋት አለበት። ለ4 ሰከንድ 100 ፍሬም ነው።

ከዚያ ጥላው። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ሳለ ጥላው ጠርዙ የጠራ ነው፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ጥላው እየሳሳና እየደበዘዘ ይርቃል። ዘንጉን ስታጠፉ ጥላውንም አብራችሁ ካጠፋችሁ፣ ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ «ይሄ ውሸት ነው» ይላል። የዘንጉን ጥላ ብቻ አጥፉ፣ የኩባያውን ተዉ። በዘንግ መሥራት የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ በኮምፒውተር የተሳለ ኩባያ ጥላውንም መሳል ይጠይቃል።

ክብደቱንም አትርሱ። ዕቃ ሲነሳ መጀመሪያ ይንገዳገዳል፣ ቀስ ብሎ ፍጥነት ያገኛል፣ ሲቆም ትንሽ አልፎ ይመለሳል። በፊልሙ ልጆቹ ገና ሲጀምሩ የሚያንቀሳቅሱት ሌጎና ኳስ ነው፣ ያኔ ዕቃው ይንገዳገዳል፣ ይስታል። በኋላ ሱፐርማርኬት የቆመ መኪና ከቦታው ሲያዛውሩ እንቅስቃሴው ለስልሷል። ዕድገቱን ያየነው በዕቃው አካሄድ ነው። የተዋናዩ ዓይንም ከኩባያው ጋር መሄድ አለበት፤ ዘንግ ያዡ ቀድሞ ከሄደ ዓይኑ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ያኔ አዛዡ ኩባያው ሆኖ ይታያል።

መንቀጥቀጡን የምትጨምሩት በመጨረሻ ነው። ስልኩን በእጃችሁ ይዛችሁ ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ለ20 ሰከንድ ቅረጹ፣ እንቅስቃሴውን በኤዲቲንጉ ትራክ አድርጋችሁ፣ ማለትም ነጥቡን ፕሮግራሙ እንዲከተል አድርጋችሁ፣ በተጠናቀቀው ምስል ላይ ጫኑት። ምስሉን ማቆሸሽም፣ ግሬይኑ (በምስሉ ላይ የሚታየው ብናኝ)፣ የተጨመቀ ቪዲዮ መልኩ፣ ከሁሉም በኋላ ይሁን። አስቀድማችሁ ካቆሸሻችሁት ኩባያው ንጹሕ፣ ክፍሉ ቆሻሻ ይሆናል።

ስለ ንግግር ትዕይንት ደግሞ የምለው አለኝ። በአንድ ካሜራ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ፣ ካሜራው ወደሚናገረው ሰው የሚዞረው ሰውዬው መናገር ከጀመረ በኋላ ነው። ግማሽ ሰከንድ ይዘግይ። ቀድሞ ከዞረ ያዡ ስክሪፕቱን አንብቧል ማለት ነው። የያዡ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም የቀረበና የጎላ መሆን አለበት፣ ማይኩ አፉ ሥር ነውና። ካሜራው ከእጁ ተለይቶ ሲንሳፈፍ ድምፁ መራቅ አለበት። ብዙ ሰው ምስሉን አንሳፍፎ ድምፁን እዚያው ይተወዋል። ማጀቢያ ሙዚቃም አትጨምሩ፣ ከድግሱ ወይም ከመኪናው ሬዲዮ የሚሰማ ካልሆነ በቀር።

ፊልሙ የሚያነክሰው ማት በሚወዳት ልጅ፣ በኬሲ ላይ ነው። እሷም ብሎግ አላት፣ እሷም ሁልጊዜ ትቀርጻለች። ለምን መጣች ካላችሁ፣ አንድሩ በሌለበት ማትን የሚያሳይ ሁለተኛ ካሜራ አስፈለገ፣ ሌላ ምክንያት የላትም። አንድሩ ለመቅረጽ ቁስል አለው፣ ኬሲ ያላት ካሜራ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የነዳጅ ማደያው የጥበቃ ካሜራ፣ የሆስፒታሉ፣ የፖሊስ መኪናው ይሻላሉ። እነሱ ለምን ይቀርጻሉ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሥራቸው ነው። ሦስቱ ልጆች የተስማሙበት ሕግ፣ ማለትም በሕይወት ባለ ነገር ላይ፣ በንዴት ጊዜ፣ በሰው ፊት ኃይሉን አለመጠቀም፣ አንድ በአንድ ሲፈርስ ምስሉም ከልጁ ካሜራ ወደ እነዚህ ባዕድ ካሜራዎች ይሸጋገራል።

መጨረሻ ላይ አንድሩና ማት ስፔስ ኒድል በሚባለው የሲያትል ማማ ላይ ይገናኛሉ። አንድሩ የጎብኚዎቹን ስልክና ካሜራ ሁሉ ከእጃቸው ነጥቆ በዙሪያው ያንሳፍፋቸዋል። ይህን በጥቂት ሰው ለመሥራት 4 ስልክ ይበቃችኋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ መቅረጽ ይጀምሩ፣ አንድ ሰው መሃል ቆሞ አንዴ ያጨብጭብ፤ በኤዲቲንግ ላይ በጭብጨባው ድምፅ ታገጣጥሟቸዋላችሁ። ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን በየመሃሉ ስለሚለዋውጥ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሎቹን ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይሩ፣ አለበለዚያ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁና ከንፈሩ ይለያያሉ። ቀለማቸውን ግን ለማመሳሰል አትልፉ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ይምሰል፤ አራት የተለያየ ሰው ስልክ ነው። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን፣ ደህና ሁኑ።